ከባሕር ማዶ የመጡት አያታችን የት ተመዝግበዋል?

 

ባለፈው ክረምት ከግቢ ወደ ጉንደ ወይን የተመለስነው ሦስት ተማሪዎች ነበርን። ሁለታችን የአክስትና የአጎት ልጆች ነን፤ ሦስተኛው ጎረቤታችንና የመድረሳ ጓደኛችን ነው። በቤታችን ስለ ቅድመ አያታችን የሚነገረው አጭር ነው፤ ከየመን መጡ፣ ጨውና አቡጀዲ ነገዱ፣ እዚሁ ሞቱ። የከተማው ሽማግሌዎች እስከ ዛሬ «ዐረቡ» ይሏቸዋል እንጂ ስማቸውን የሚያነሳ የለም። በዚያ ክረምት የቤቱ ጣሪያ ሊታደስ ሲል ከቆጥ ላይ አንድ የቆርቆሮ ሣጥን ወረደ። ውስጡ አይጥ የጀመረው ወረቀት ነበር። አክስታችን «ለእሳት ማቀጣጠያ ይሆናል» ብለው ሊወስዱት ሲሉ ደረስን።

ይህ ጽሑፍ ከዚያ ሣጥን በኋላ የተማርነው ነው። ከመካከላችን የአያቱ አባት ከየመን፣ ከሱዳን ወይም ከሕንድ የመጣበት ብዙ ሰው አለ። አያቶቻችን በስደተኝነት፣ በነጋዴነትና በኋላም በዜግነት ጠያቂነት በተለያዩ መንግሥታት መዝገብ ላይ ስማቸው ሰፍሯል። መዝገቡ የት እንዳለና እንዴት እንደሚነበብ ካወቅን ብዙ ነገር ማግኘት ይቻላል።

ለምን እንፈልጋለን?

በመድረሳ ቁርኣን ከቀራንበት ጊዜ ጀምሮ የሰማነው ነገር አለ። ዘርን ማወቅ የተወደደው ዝምድናን ለመቀጠል ነው፤ በዘር መኩራራት ደግሞ የጃሂሊያ ነገር ነው። ስለዚህ «የኛ ዘር ከዐረብ ነው» ለማለት የሚፈልግ ሰው ይህን ጽሑፍ ባያነበው ይሻለዋል። የምንፈልገው ማንን መዘየር፣ ለማን ዱዓ ማድረግ፣ ማን የሥጋ ዘመዳችን እንደሆነ ለማወቅ ነው።

ሌላም ምክንያት አለን። በጎጃም ያደግን ሙስሊም ልጆች «አገራችሁ የት ነው?» የሚለውን ጥያቄ እናውቀዋለን። በንጉሡ ዘመን ሙስሊሙ «በኢትዮጵያ የሚኖሩ እስላሞች» ይባል ነበር። ሚያዝያ 12 ቀን 1966 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ሰልፍ የወጡት አባቶቻችን ካነሷቸው ጥያቄዎች አንዱ «ኢትዮጵያውያን ሙስሊሞች» ተብለን እንጠራ የሚል ነው። አብዛኛው የጎጃም ሙስሊም ከጥንት ጀምሮ እዚሁ የነበረ ሸማኔና ነጋዴ ነው፤ በባሶ ገበያ፣ ዛሬ የጁቤ በምንለው አካባቢ፣ በ19ኛው ክፍለ ዘመን ከዓባይ ማዶ የሚመጣውን ቡናና ወርቅ ይነግዱ ከነበሩት መካከል ሙስሊሞች ዋነኞቹ ነበሩ። ጥቂቶቻችን ደግሞ ከባሕር ማዶ የመጣ አያት አለን። ሁለቱን ለይቶ ማወቅ ያስፈልጋል። ከውጭ የመጣ አያት ያለው ሰው ይህን መደበቅ የለበትም፤ ያም አያት እዚህ አግብቶ፣ ወልዶ፣ ብዙ ጊዜም በሕግ ጠይቆ የአገሩ ሰው ሆኗል። «አገራችሁ የት ነው?» ላለን ሰው ከቁጣ ይልቅ ወረቀት ማሳየት ይሻላል።

የመጀመሪያው የስደተኞች ዝርዝር

የስደተኛ መዝገብ ለሙስሊም ተማሪ እንግዳ ነገር አይደለም። ወደ ሐበሻ የተደረገውን ሂጅራ በሲራ ያነበበ ሰው መዝገብ አንብቧል። ኢብን ኢስሓቅ ያሰባሰቡትና ኢብን ሂሻም ያስተላለፉት ሲራ ትናንሽ ልጆችን ሳይጨምር 83 የሚሆኑ ወንዶችን በስም ይዘረዝራል። ዝርዝሩ የተደራጀው በጎሳ ነው። ሚስቱን ይዞ የወጣው ከሚስቱ ስም ጋር፣ እዚህ የወለደው ከልጁ ስም ጋር ተጽፏል። ጃዕፈር ኢብን አቢ ጣሊብና አስማ ቢንት ዑመይስ ልጃቸውን ዐብደላህን የወለዱት በሐበሻ ምድር ነው። በሐበሻ የሞቱት ለብቻ፣ ቀድመው የተመለሱት ለብቻ፣ በኸይበር ዓመት በሁለት ጀልባ የተመለሱት ለብቻ ተዘርዝረዋል።

ማን፣ ከየትኛው ቤት፣ ከማን ጋር መጣ፣ ማንን ወለደ፣ የት ሞተ፣ በምን ተመለሰ፤ ዛሬም የስደተኛ መዝገብ የሚጠይቀው እነዚህኑ ነው። የኛን ቅድመ አያት ስንፈልግ በደብተራችን ላይ የጻፍናቸው ስድስት ጥያቄዎችም እነዚህ ነበሩ።

የማን መንግሥት ተገዢ ነበሩ?

«ከየመን መጡ» የሚለው ቃል ለፍለጋ አይበቃም። በዚያ ዘመን አንድ የመን የሚባል መንግሥት አልነበረም፤ መዝገቡም ተበታትኗል።

የዐደን ከተማን ብሪታንያ የያዘችው በ1839 እ.ኤ.አ. ነው። እስከ 1937 እ.ኤ.አ. ድረስ የሚያስተዳድራት በብሪታንያ ሕንድ በኩል ነበር፤ ከዚያ በኋላ በቀጥታ ከለንደን የምትመራ ቅኝ ግዛት ሆነች፤ ነፃ የወጣችው በኅዳር 1967 እ.ኤ.አ. ነው። በዐደን ከተማ የተወለደ ሰው የብሪታንያ ተገዢ ነበር። ሐድረመውት፣ ያፊዕና ለሕጅ ደግሞ በብሪታንያ ጥበቃ ሥር ያሉ ግዛቶች ስለነበሩ ሰዎቻቸው «በብሪታንያ የሚጠበቁ» ይባላሉ። እንዲህ ያለ ሰው አዲስ አበባ ሲደርስ በእንግሊዝ ቆንስላ መመዝገብና ክርክር ሲገጥመው ቆንስላውን መጥራት ይችል ነበር። ኢትዮጵያ ከፈረንሳይ ጋር በ1900 ዓ.ም. የተፈራረመችው የክሎቡኮቭስኪ ውል ለውጭ አገር ሰዎች ቆንስላ የሚገኝበት ልዩ ችሎት ስለፈቀደ፣ ሌሎች መንግሥታትም ይህንኑ መብት ስለተጠቀሙበት፣ የብድርና የሱቅ ክርክር ሁሉ በቆንስላ ወረቀት ውስጥ ይገኛል። ከ1937 እ.ኤ.አ. በፊት ያለው የዐደን አስተዳደር መዝገብ በለንደን በብሪቲሽ ላይብረሪ፣ በሕንድ ቢሮ መዛግብት ክፍል ነው። የውጭ ጉዳይና የቅኝ ግዛት መሥሪያ ቤቶቹ ወረቀት ደግሞ ኪው በሚባለው የለንደን ሰፈር ባለው ብሔራዊ ቤተ መዛግብት ነው።

ሰሜኑ የመን፣ ማለትም ሰንዓ፣ ኢብ፣ ተዒዝና ሑደይዳ ያሉበት አገር፣ እስከ 1918 እ.ኤ.አ. በዑስማንያ ቱርክ ሥር፣ ከዚያ እስከ 1962 እ.ኤ.አ. በኢማሞቹ መንግሥት ሥር ነበር። የዑስማንያው መዝገብ ኢስታንቡል ነው። ከኢማሙ አገር የመጣ ሰው ግን በእንግሊዝ ቆንስላ ላይገኝ ይችላል።

አያቱ ሱዳናዊ የሆነበት ሰው ሱዳን ከ1899 እስከ 1956 እ.ኤ.አ. በእንግሊዝና በግብፅ ጣምራ አስተዳደር ሥር እንደነበረች ያስታውስ፤ የዚያ ዘመን ብዙ ወረቀት እንግሊዝ አገር በደርሃም ዩኒቨርሲቲ የሱዳን ክፍል ይገኛል። ሕንዳውያን ነጋዴዎችም የብሪታንያ ተገዢዎች ነበሩ። በአዲስ አበባ ታዋቂ የነበረውን የመሐመድ ዓሊን የንግድ ቤት ጣሊያኖች በ1937 እ.ኤ.አ. ከአገር ያስወጡት ከእንግሊዝ ጋር በነበራቸው ጠብ ምክንያት ነበር።

መንገዱም ፍንጭ ይሰጣል። ከዐደን በጀልባ ወይም በመርከብ ጅቡቲ፣ ከጅቡቲ በባቡር የሚመጣ ብዙ ነበር። ባቡሩ ድሬዳዋ የደረሰው በ1895 ዓ.ም.፣ አዲስ አበባ የደረሰው በ1909 ዓ.ም. ነው። በጅቡቲ ያለፈ ሰው በፈረንሳይ አስተዳደር ወረቀት ላይ ሊኖር ይችላል፤ ያም በደቡብ ፈረንሳይ ኤክስ አን ፕሮቫንስ በሚገኘው የባሕር ማዶ ግዛቶች ቤተ መዛግብት ተቀምጧል። በምፅዋና በዐሰብ የገባ ደግሞ በጣሊያን ወረቀት ላይ ይፈለጋል።

የኛ ቤተሰብ ቅድመ አያታችንን «ሐድረሚ» ይላቸው ነበር፤ ዐረብ ነጋዴ ሁሉ ሐድረሚ ይመስላቸዋል። ከሣጥኑ የወጣው የመኖሪያ ፈቃድ ግን የትውልድ ቦታቸውን «ሑጀርያ» ይላል። ሑጀርያ ከተዒዝ ደቡብ ያለ፣ ብዙ ሰው በዐደን በኩል ወደ ውጭ የወጣበት የኢማሙ አገር ነው። ይህ አንድ ቃል በእንግሊዝ ቆንስላ መዝገብ ላይ ወራት ከማጥፋት አዳነን።

የዜግነት ማመልከቻ

በአገራችን የመጀመሪያው የዜግነት ሕግ የወጣው ሐምሌ 15 ቀን 1922 ዓ.ም. ነው። በ1996 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 378 እስኪተካ ድረስ ለ73 ዓመታት ሠርቷል። ስለዚህ በአያቶቻችን ዘመን ዜግነት የጠየቀ ሰው ሁሉ የጠየቀው በዚህ ሕግ ነው።

ሕጉ ከውጭ አገር ሰው የሚፈልገው አምስት ነገር ነው፤ ለአካለ መጠን መድረስ፣ ቢያንስ አምስት ዓመት በኢትዮጵያ መኖር፣ ራሱንና ቤተሰቡን ማስተዳደር መቻል፣ አማርኛን አጥርቶ መናገርና መጻፍ፣ በወንጀል አለመቀጣት። እነዚህን እንደ ሕግ ብቻ አትዩዋቸው። እያንዳንዱ መስፈርት አንድ ማስረጃ ያስከትላል። አምስት ዓመት መኖሩን ለማሳየት የመግቢያውን ቀን ይጽፋል። ቤተሰቡን ማስተዳደሩን ለማሳየት የንግድ ሥራውንና የግብር ደረሰኙን ያቀርባል። ሒሳቡን በዐረብኛ ይዞ የኖረ ባለሱቅ አማርኛ መማር ነበረበት። እንዲህ ያለ ማመልከቻ ከተገኘ የአንድ ሰው የሕይወት ታሪክ በአንድ አቃፊ ውስጥ ተገኘ ማለት ነው።

የልጆቹ ጉዳይ ለብቻው መታየት አለበት። የ1922ቱ ሕግ ከኢትዮጵያዊ አባት ወይም እናት የተወለደ ኢትዮጵያዊ ነው ብሎ ይጀምራል። ነገር ግን በሕጋዊ ጋብቻ ከውጭ አገር አባትና ከኢትዮጵያዊት እናት የተወለደ ልጅ በኢትዮጵያ የሚኖር ከሆነና የአባቱን ዜግነት ፈጽሞ መተዉን ካስረዳ ኢትዮጵያዊነቱን መጠየቅ ይችላል የሚል አንቀጽ አለው። ስለዚህ አባትየው ባያመለክቱም ልጃቸው አመልክቶ ሊሆን ይችላል። የአያትን መዝገብ ያጣ የአያትን ልጆች ስም ይዞ እንደገና ይፈልግ።

ከሣጥኑ ውስጥ ማመልከቻ መቀበሉን የሚገልጽ ቁራጭ ወረቀት አግኝተናል። ውሳኔውን ግን አላገኘንም። ቁራጩን ይዘን የጠየቅንበት መሥሪያ ቤት የመዝገብ ቁጥር ካላመጣችሁ አይገኝም አለን። ቁጥሩ ያለበት ጥግ ደግሞ በአይጥ የተበላው ነው። አልተቆጣንም ብንል ውሸት ይሆናል። ፍለጋው ግን አላቆመም።

ቤቱ በማን ስም ነው?

በሰሜኑ የአገራችን ክፍል ሙስሊሞች ርስት እንዳይዙ ተደርገው ስለኖሩ በርስት መዝገብ አያቶቻችንን መፈለግ ብዙ ጊዜ ትርፍ የለውም። የከተማ ቤት ግን ሌላ ነው። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ የውጭ አገር ዜጋ ያለ ንጉሠ ነገሥቱ ፈቃድ በኢትዮጵያ የማይንቀሳቀስ ንብረት ባለቤት እንዳይሆን ከልክሏል። ዜግነት ያላገኘ ነጋዴ ታዲያ ቤቱን በማን ስም ያድርግ? ብዙ ጊዜ በሚስቱ ወይም በልጁ ስም።

የኛም ሣጥን ውስጥ የ1950ዎቹ የቤት ግብር ደረሰኞች አሉ፤ ሁሉም በቅድመ አያታችን ሚስት ስም ናቸው። ድሮ ዘመዶቻችን «ቤቱ የእሷ ነበር፣ እሱ ቤት እንኳ አልነበረውም» እያሉ ያወሩት ነበር። አሁን ነገሩ ገባን። ደረሰኙ ድህነታቸውን አያሳይም፤ በዚያን ጊዜ ገና የውጭ አገር ሰው እንደነበሩ ግን ያመለክታል። ስለዚህ የአያትን ስም በፈለጋችሁበት መዝገብ ሁሉ የአያታችሁን ሚስት ስምም ፈልጉ።

ሐምሌ 1967 ዓ.ም. የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት የመንግሥት ሲሆን የተወረሱት ቤቶች አነስተኛ ኪራይ ያላቸው ለቀበሌ፣ ወርሃዊ ኪራያቸው ከ100 ብር በላይ የሆኑት ለኪራይ ቤቶች ድርጅት ተሰጡ። በእነዚህ ፋይሎች የቀድሞው ባለቤት ስም ሊገኝ ይችላል። በዚያን ጊዜ ሱቃቸውን ዘግተው አገር ለቅቀው የሄዱ ዐረብ ነጋዴዎችም ብዙ ናቸው። ወደ የመን የተመለሱት የኢትዮጵያዊት ልጆች እዚያ «ሙወለድ» ተብለው በሌላ በኩል እንግዳ ሆኑ። አያቱ በዚያ ዘመን «ጠፉ» የተባለበት ሰው ይህን ያስብ።

ስምና የዘመን አቆጣጠር

ፈላጊን ከሁሉ በላይ የሚያሳስተው ስም ነው። የመናዊው በአገሩ ስሙን፣ የአባቱን፣ የአያቱን ስምና ኒስባውን ይዞ ይጠራል፤ ኒስባ የመንደሩ ወይም የጎሳው ስም ነው። ሐድረሚዎች «ባ» ብሎ የሚጀምር የቤተሰብ ስም በብዛት አላቸው። የኛ አገር ጸሐፊ ደግሞ ስምና የአባት ስም ብቻ ይጽፋል። ኒስባው በዚያው ይቀራል፤ ከኒስባው ጋር መንደሩም ይጠፋል። በላቲን ፊደል ሲጻፍ ደግሞ አንዱ «ሷሊሕ» በእንግሊዙ፣ በፈረንሳዩና በጣሊያኑ ጸሐፊ እጅ ሦስት ዓይነት ይሆናል። ስለዚህ የምትፈልጉትን ስም ሊጻፍ በሚችልበት መንገድ ሁሉ አስቀድማችሁ ዘርዝሩ፤ ኒስባውን ካገኛችሁ እንደ ወርቅ ያዙት።

ቀጥሎ ዓመት ነው። በአንድ ሣጥን ውስጥ የሂጅራ፣ የኢትዮጵያና የአውሮፓ አቆጣጠር አብረው ይገኛሉ። የሂጅራ ዓመት 354 ወይም 355 ቀን ስለሆነ ከፀሐይ ዓመት በ11 ቀን ገደማ ያጥራል፤ 33 የሂጅራ ዓመት ወደ 32 የፀሐይ ዓመት ይጠጋል። በግምት ለመለወጥ የሂጅራውን ዓመት በ0.97 አባዝታችሁ 622 ጨምሩ፤ የአውሮፓውን ታገኛላችሁ። ከዚያ እንደ ወሩ 7 ወይም 8 ቀንሱ።

የቅድመ አያታችን የኒካሕ ወረቀት 1359 ይላል። 1359 ሲባዛ በ0.97 ወደ 1318 ይሆናል፤ 622 ሲጨመር 1940 እ.ኤ.አ.፣ በኛ 1932 ወይም 1933 ዓ.ም.። አክስታችን ግን «ጣሊያን ከወጣ በኋላ ነው የተጋቡት» ይላሉ። ጣሊያን ከጎጃም የወጣው በ1933 ዓ.ም. የመጋቢትና የሚያዝያ ወራት ነው። ወረቀቱና አክስታችን ተጋጩ። አንድ ሽማግሌ ሲሰሙ ሳቁና «ኒካሑ የታሰረው በጭንቁ ጊዜ ነው፤ ድግሱ የተደገሰው አገር ሰላም ሲሆን ነው» አሉን። ሁለቱም እውነት ነበሩ።

እንደ ኢስናድ መመዘን

በሐዲስ ትምህርት አንድን ወሬ የምንቀበለው ሰንሰለቱን አይተን ነው። ተናጋሪው ማን ነው? ካስተላለፈለት ሰው ጋር ተገናኝቷል? ሰንሰለቱ የተቆረጠበት ቦታ አለ? የቅየሳ አስተማሪዎቻችንም በአንድ ልኬት ብቻ ነጥብ አትትከሉ ይሉናል። ለመዝገብም ሕጉ ያው ነው። ወረቀት ሁሉ ሰው የጻፈው ነው፤ የጻፈውም ለአያታችን ብሎ ሳይሆን ግብር ለመሰብሰብ፣ እንግዳን ለመቆጣጠር፣ ክርክር ለመዝጋት ነው። ዕድሜ በግምት ይሞላል፤ ትውልድ ቦታ በቅርብ ባለው ትልቅ ከተማ ስም ይጻፋል። ስለዚህ አንድ ነገር በሁለት የማይገናኙ ምንጮች ካልተረጋገጠ «ይባላል» ብለን እንጽፋለን እንጂ «ነው» አንልም።

በዚህ መንገድ ስንመዝን ያልጠበቅነው ነገር ወጣ። የመኖሪያ ፈቃዱ ላይ ያለው የመጀመሪያ ማኅተም የጎጃም ሳይሆን የደሴ ነው። ቀኑ ከኒካሑ ወረቀት ይቀድማል፤ በቤተሰብ ሁኔታ ረድፍ ላይም «ባለትዳር፣ ልጅ አንድ» ይላል። በቤታችን ይህን ያነሳ ሰው አልነበረም። አክስታችን ወረቀቱን ስናነብላቸው ዝም አሉ፤ ቆይተው «እናቴ ታውቅ ነበር» አሉ።

እዚህ ላይ ቆም ብለን ተመካከርን። የሞተን ሰው ጉዳይ መግለጥ ነውር ማውጣት ይሆን? ኡስታዛችንን ጠየቅን። ነውር የሚባል ነገር የለበትም፣ በሕጋዊ ኒካሕ የተወለደ ዘመድ መደበቅ የለበትም፣ ቤተሰቡን ግን አስፈቅዱ አሉን። አክስታችን ፈቀዱ። ከዚያ በግቢያችን ጀመዓ ውስጥ ያለ የደሴ ልጅ ኒስባውን ይዞ በሰፈሩ አጠያየቀ። ሁለት ሳምንት አልፈጀም። ስልክ ስንደውል ያነሱት አዛውንት የዚያ የ«ልጅ አንድ» ልጅ ናቸው። ማን እንደሆንን ከነገርናቸው በኋላ መጀመሪያ የጠየቁን ነገር «ቀብሩ የት ነው?» የሚል ነበር። አባታቸው ይህን ሳያውቁ ሞተዋል። እኛ ቦታውን ማሳየት እንችላለን፤ በሙስሊሙ መቃብር ላይ ስም የተጻፈበት ድንጋይ ባይኖርም አክስታችን ያውቁታል።

ከየት እንጀምር?

1. ከሰው ጀምሩ። ሽማግሌዎችን፣ በተለይ ሴቶችን፣ በስልካችሁ ቅረጹ። «መቼ መጡ?» ብላችሁ አትጠይቁ፤ «ሲመጡ ማን ነበር ገዢው? ሱቁ ውስጥ ምን ይሸጥ ነበር? ማን ይጠይቃቸው ነበር? ደብዳቤ ከየት ይመጣላቸው ነበር?» በሉ።

2. ሣጥኑን ክፈቱ። ወረቀቱን በፊትም በጀርባም ፎቶ አንሡ፤ ማኅተምና የጥግ ቁጥር በደንብ ይታይ። በፕላስቲክ አታሽጉ፣ በፕላስተር አትለጥፉ፤ ወረቀቱን ይጎዳዋል።

3. ሠንጠረዥ አዘጋጁ። ስም በወረቀቱ ላይ እንዳለ፣ ቀኑ ከነአቆጣጠሩ፣ የተገኘበት ቦታ፣ ማን እንደሰጣችሁ።

4. ወደ መስጂድና ወደ ሸሪዓ ፍርድ ቤት ሂዱ። የቃዲና የናኢባ ፍርድ ቤቶች በ1930ዎቹ በአዋጅ ከቆሙ ጀምሮ ጋብቻ፣ ፍቺ፣ ወቅፍና ውርስ ሲያዩ ኖረዋል። የውርስ መዝገብ የወራሾችን ስም አንድ በአንድ ስለሚዘረዝር ከሁሉ የበለጠ ጠቃሚ ነው።

5. በቀበሌና በማዘጋጃ ቤት የቤቱን ፋይል ጠይቁ።

6. ከዚያ አዲስ አበባ። የቀድሞ መንግሥታት ወረቀት በብሔራዊ ቤተ መዛግብትና ቤተ መጻሕፍት ይፈለጋል፤ የዜግነት ጉዳይ ደግሞ በኢሚግሬሽንና ዜግነት አገልግሎት ይጠየቃል። ከዩኒቨርሲቲያችን የትብብር ደብዳቤ ይዞ መሄድ ብዙ ይረዳል። የልደት የምስክር ወረቀት ፍለጋ አትድከሙ፤ በአገር አቀፍ ደረጃ የወሳኝ ኩነት ምዝገባ የተጀመረው በ2008 ዓ.ም. መጨረሻ ነው።

7. የውጭው መዝገብ የመጨረሻው ነው። ኒስባውን፣ የትውልድ ቦታውንና የመጣበትን ግምታዊ ዓመት ሳትይዙ አትጀምሩት።

ሁለት ማሳሰቢያ

አንደኛ፣ የአያት የውጭ ወረቀት መገኘቱ የእናንተን ዜግነት አይለውጥም። የኢትዮጵያ ሕግ ጥምር ዜግነት አይፈቅድም። «የአያትህን ወረቀት ስጠኝ፣ የዐረብ አገር ዜግነት አወጣልሃለሁ» የሚል ደላላ ከመጣ ገንዘብም ወረቀትም አትስጡ። ዋናውን ወረቀት ከቤት አታውጡ፤ ለማንም ኮፒ ብቻ ስጡ።

ሁለተኛ፣ ዛሬ የሚጣለው ወረቀት ነገ የሚፈለግ ነው። ከመካከላችን እናቱ ወይም ወንድሙ ሳዑዲ ሠርቶ ያልተመለሰበት ቤት ጥቂት ነው። ከኅዳር 2013 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ባሉት ጥቂት ወራት ብቻ ከ160 ሺህ በላይ ኢትዮጵያውያን ከሳዑዲ ተመልሰዋል። ብዙዎቹ የያዙት አንድ የሊሴ ፓሴ ወረቀት ነበር። የቤተሰባችሁን ኢቃማ፣ የድሮ ፓስፖርት፣ የሥራ ውልና ሊሴ ፓሴ ሰብስባችሁ አስቀምጡ። እነሱም የስደተኛ መዝገብ ናቸው፤ የኛ አያት በሣጥን ያስቀመጡት ወረቀትም ያኔ ተራ ወረቀት ነበር።

የደሴው ዘመዳችን ለዒድ ጉንደ ወይን እንደሚመጡ ነግረውናል። አክስታችን ጣሪያው ተሠርቶ እንዲያልቅ እያጣደፉን ነው። ሣጥኑም አልተቃጠለም፤ አዲስ መቆለፊያ ገብቶለታል። እናንተም በቤታችሁ ቆጥ ላይ ያለውን ሣጥን በሚቀጥለው እረፍት ክፈቱት፤ ያገኛችሁትን ለጀመዓው ንገሩ፤ የናንተን ዘመድ የሚያውቅ ሰው ከጎናችሁ ሶፍ ላይ ቆሞ ሊሆን ይችላል።

አላህ ያለፉትን አባቶቻችንንና እናቶቻችንን ይማርልን፤ የተቆረጠውን ዝምድና እንድንቀጥል ያግራልን። ወላሁ አዕለም።

ወሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ።